በሰፈራችሁ ያለውን ባዶ ቦታ ትንሽ ፓርክ ለማድረግ፦ ከፈቃዱ እስከ ሁለተኛው ክረምት

«ሰፈራችን ውስጥ ሣር የዋጠው፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ባዶ ቦታ አለ። አጽድተን ዛፍ ብንተክልበት ምን እናድርግ?» ይህ ጥያቄ ክረምት በቀረበ ቁጥር ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰኔ ላይ ነው፤ ችግኙ ተገዝቶ በር ላይ ቆሞ። ሰኔ ደግሞ ለመጀመር ዘግይቷል። ሥራው ከጥቅምት መጀመር አለበት፤ ለምን እንደሆነ ደረጃዎቹን ስታነቡ ታዩታላችሁ።

መመሪያው የተጻፈው ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ከተሞች ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ከተማ ከሆናችሁ ደረጃዎቹ ያው ናቸው፤ የዛፉን ዓይነትና የውሃውን መጠን ግን በአካባቢያችሁ ካለ ችግኝ ጣቢያ ጠይቃችሁ ቀይሩ። ለምሳሌ የወሰድኩት 300 ካሬ ሜትር አካባቢ ያለው ቦታ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለጽዳትና ለቁፋሮ፦ ዶማ፣ አካፋ፣ ዲጂኖ፣ ማጭድ፣ ባሬላ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት።

ለልኬት፦ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ችካል፣ ኖራ ወይም አመድ፣ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ቀጭን ግልጽ ጎማ።

ለመንገድና ለመቀመጫ፦ ገረጋንቲ ወይም ቀይ አሽ፣ ለጠርዝ የሚሆን ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ጣውላ። 20 ሜትር ርዝመት፣ 1.20 ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መንገድ 2.4 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 3 ሜትር ኩብ እዘዙ።

ለተክል፦ ከ8 እስከ 10 የዛፍ ችግኝ፣ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ የሰርዶ ቁራጭ፣ ለችግኝ አጥር የሚሆን አጠናና ሽቦ፣ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር።

ለውሃ፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች፣ የውሃ ጎማ፣ ከተቻለ አንድ ሮቶ።

አብዛኛው መሣሪያ የሰፈሩ ሰው ቤት ውስጥ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን በዕድሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፉና ማን ምን እንደሚያውስ አስጽፉ።

1. ቦታው የማን እንደሆነ አረጋግጡ

ባዶ ነው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የመጠቀም መብቱ ግን በሰው ወይም በተቋም እጅ ሊሆን ይችላል። ካርታ ያለው ሰው ገና ያልገነባበት ይዞታ ሊሆን ይችላል። ለመንገድ የተያዘም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ በፕላኑ ላይ ራሱ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ ተቀምጦ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ መንገዱ በጣም ይቀላል።

ወደ ወረዳችሁ የመሬት ጉዳይ ክፍል ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ቦታው በማን ስም ነው? ሁለተኛ፣ በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ ለምን ተመደበ? ቦታውን የሚያሳይ ቀለል ያለ ንድፍና ከስልክ ካርታ ላይ የተወሰደ ምስል ይዛችሁ ሂዱ። «እዚያ ጥግ ያለው ቦታ» ብሎ በቃል ማስረዳት ያመላልሳችኋል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ግቢው በአብዛኛው የጋራ መጠቀሚያ ነው። የሚመራውም በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ባለቤቶች ማኅበሩ ነው፤ ውሳኔው በማኅበሩ ስብሰባ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

የግለሰብ ይዞታ ሆኖ ከተገኘ ባለይዞታውን ራሱን አነጋግሩ። እሺ ካለ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ወረዳውም እንዲያውቀው አድርጉ።

ፈቃዱ ደብዳቤ መሆን አለበት፤ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለው። ውስጡ የቦታው ስፋትና ድንበር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተፈቀደ፣ ማን እንደሚያስተዳድረውና ምን መሥራት እንደሚቻል ይጻፍ። የቃል ፈቃድ የሰጣችሁ ኃላፊ ነገ ሊቀየር ይችላል። ደንብ ማስከበር መጥቶ «ማን ፈቀደላችሁ?» ሲል የምታሳዩት ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፈቃዱ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ ሲሚንቶና ዛፍ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። የሚነሳ የእንጨት መቀመጫ፣ በበርሜልና በአሮጌ ጎማ የተተከለ አበባ እንዲሁም ሣር ይበቃል። ቦታው ሲፈለግ ይዛችሁ ትነሳላችሁ።

2. ሰፈሩን ሰብስቡ፣ ኃላፊ ምረጡ

ለዚህ ሥራ ከዕድር የተሻለ መነሻ የለም። አባላቱ ይተዋወቃሉ፣ ገንዘብ መሰብሰብ ለምደዋል፣ ደንብም አላቸው። አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ይበቃል። ከቦታው ጋር የሚዋሰኑት ቤቶች ግን የግድ ይወከሉ፤ ጫጫታውም ጥቅሙም መጀመሪያ የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው። አንድ ወጣትና አንዲት እናትም ይግቡ። ወጣቶቹ ኳስ የት እንደሚጫወቱ ያውቃሉ፤ እናቶች ደግሞ ልጅ የትኛው ጥግ ላይ እንደሚጎዳ ያውቃሉ።

ገንዘቡ በአንድ ሰው ስም አይቀመጥ። በዕድሩ ወይም በማኅበሩ ሒሳብ ይግባ፤ ለማውጣት ሁለት ፈራሚ ይኑር። ደረሰኞቹን ፎቶ አንስታችሁ በሰፈሩ የቴሌግራም ቡድን ላይ ልቀቁ። የገንዘብ ጥርጣሬ የገባበት ሥራ መልሶ አይቃናም።

3. ቦታውን አንድ ሳምንት ተመልከቱት

ይህን ደረጃ ሁሉም ሰው ይዘለዋል። ጠዋት፣ ቀትር፣ ከትምህርት ቤት መልስና ማታ ሂዱ። ሰው በየት አቋርጦ ያልፋል? እህል የሚሰጣው፣ ልብስ የሚዘረጋው የት ነው? ኳሱስ? ፀሐይ የት ይበረታል? ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከየት መጥቶ የት ይተኛል? የመጨረሻውን የአካባቢው ነባር ነዋሪ ይነግራችኋል።

ቀድሞ የነበረውን አቋራጭ አትዝጉ። ሰው ያንን መንገድ የመረጠው ስለሚያቀርበው ነው። አበባ ብትተክሉበት አበባውን ረግጦ ያልፋል። አቋራጩን ዋናው የእግር መንገድ አድርጉትና ሌላውን በዙሪያው ንደፉ።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር፦ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚተከለው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ከሆነ መሐሉን ክፍት ተዉት። ሣር ብቻ ይሁን። ደመራ የሚደመርበት ከሆነም እሳቱ የሚነድበትን ቦታ ከዛፎቹ አርቃችሁ ለዩት፤ ጠጠር አፍስሱበት። መሐሉ በዛፍ የተሞላ ፓርክ የመጀመሪያው ለቅሶ ቀን ችግኙ ይነቀላል። ነቃዩን መውቀስም አይቻልም።

4. ልኩና ንድፉን አውጡ

ዙሪያውን በሜትር ለክታችሁ በካሬ ወረቀት ላይ አስፍሩ። አንዱን ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር ሣሉ። ከዚያ እንዳይነኩ የሚጠበቁትን አስቀምጡ፦ የኤሌክትሪክ ምሰሶና መስመር፣ የውሃ ቧንቧ፣ የፍሳሽ ማንሆል፣ የጎረቤት ሴፕቲክ ታንክ።

- ዛፍ ከቤት ግድግዳና ከአጥር ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። በኤሌክትሪክ መስመር ሥር አይተከል።
- መንገዱ 1.20 ሜትር ስፋት ይኑረው። ዊልቸርና የሕፃን ጋሪ ያለ ችግር ያልፋል።
- መግቢያው ላይ ደረጃ አትሥሩ። ከፍታ ካለ በአንድ ሜትር ርዝመት ከ8 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ዳገት ይሁን። አረጋውያንም ዊልቸር ተጠቃሚዎችም የሚገቡት ያኔ ነው።
- ቁጥቋጦ ከጉልበት በላይ አይደግ። ዛፍ ሲያድግ የታችኞቹ ቅርንጫፎች እስከ 2 ሜትር ይነሱ።

የመጨረሻው ለውበት አይደለም። ከመንገድ የማይታይ ጥግ ማታ ሴቶች የሚፈሩት ጥግ ይሆናል፤ ቀን ደግሞ መሽኛ ይሆናል። ማንኛውም መቀመጫ ቢያንስ ከአንድ ቤት መስኮት ወይም ከመንገዱ መታየት አለበት። አንድ የሶላር መብራት መግቢያው ላይ፣ ሌላው መቀመጫው ዘንድ ይበቃል።

ንድፉን በኖራ ወይም በአመድ መሬቱ ላይ አስምሩና ለሁለት ቀን ተዉት። ሰው ሲራመድበት ስህተቱ ይታያል።

5. አጽዱ

ጽዳቱ በበጋ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ይሁን። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ መኪና አይቀረቀርም፤ ሣሩም አጭር ስለሆነ ውስጡ ያለው ይታያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ባዶ ቦታ ውስጥ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የዛገ ቆርቆሮና መርፌ ይኖራል። ያለ ጓንትና ያለ ቦቲ ማንም አይግባ። መርፌ በእጅ አይነሳ፤ በመቆንጠጫ ተነስቶ ወፍራም ክዳን ያለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይግባና ለጤና ጣቢያ ይሰጥ። የተወጋ ወይም በዛገ ብረት የተቆረጠ ሰው ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕፃናት የሚገቡት ይህ ካለቀ በኋላ ነው።

አስተናግር ካለ ከነሥሩ ንቀሉት፤ ፍሬው ለልጅ መርዝ ነው። ቅንጭብም እንዲሁ፤ ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ስትቆርጡት ወደ ፊት እንዳይፈናጠር ተጠንቀቁ፣ መነጽርም አድርጉ።

ቆሻሻውን አታቃጥሉ። የፕላስቲክ ጭስ በዙሪያው ላሉት ቤቶች መርዝ ነው። የቤት ቆሻሻውን ቤት ለቤት ከሚሰበስበው የጽዳት ማኅበር ጋር ተስማሙ። የግንባታ ፍርስራሹን በገልባጭ መኪና አስጭኑ፤ ሹፌሩ የት እንደሚደፋው ግን ጠይቁ፤ ወንዝ ዳር እንዳይሆን። ጥሩ ድንጋይና ብሎኬት ከተገኘ ለመንገድ ጠርዝ አስቀሩት።

ከጸዳ በኋላ ባዶ አድርጋችሁ አትተዉት። በዚያው ሳምንት ችካልና ሲባጎ ዘርጉ፤ «የሰፈር ፓርክ እየተሠራ ነው» የሚል ሰሌዳም ትከሉ። አለበለዚያ ቆሻሻው ተመልሶ ይመጣል።

6. አፈሩን መርምሩ፣ ውሃውን አፋስሱ

30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሞልታችሁ እስኪሰርግ ጠብቁ፤ ከዚያ እንደገና ሙሉት። በሁለተኛው ጊዜ ውሃው በሰዓት ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲ ሜትር በታች ብቻ ከወረደ ማፋሰሻ ቦይ ያስፈልጋችኋል።

ዋልካ አፈር ላይ ከሆናችሁ ሙከራውም አያስፈልግም፤ ቦይ ሥሩ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ውሃ የተኛበት ችግኝ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ብዙ ሰው ችግኙ «በውሃ እጥረት» ሞተ ይላል፤ ነሐሴ ላይ የሞተ ግን በአብዛኛው የሞተው ውሃ በዝቶበት ነው።

ቦዩ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። በአንድ ሜትር ርዝመት 2 ሳንቲ ሜትር ይውረድ፤ በውሃ ልክ አረጋግጡ። ውስጡን በድንጋይ ሙሉት። መጨረሻው ወደ መንገድ ዳር የዝናብ ውሃ ቦይ ይሁን። ወደ ጎረቤት ግድግዳ ወይም ወደ ፍሳሽ መስመር ፈጽሞ አትልቀቁት፤ በመጀመሪያው ግድግዳው ይናዳል፣ በሁለተኛው ማንሆሉ ይገነፍላል።

ይህ ከሚያዝያ በፊት ይለቅ። ዋልካ ረጥቦ ሳለ አትቆፍሩት፤ ይጠቀጠቅና ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል።

7. መንገድና መቀመጫ

ለመንገዱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል የላይ አፈር ግፈፉ። አፈሩን አትጣሉት፤ ለችግኝ ጉድጓድ ትፈልጉታላችሁ። ጠርዙን በድንጋይ ያዙት፤ ከዚያ ገረጋንቲውን በሁለት ጊዜ አፍስሱ፣ እያርከፈከፋችሁ ጠቅጥቁ። በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ላዩ ብቻ ይጠብቅና ክረምት ላይ ይሰምጣል። መሐሉ ከጠርዙ በ2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ውሃ አይቆምበትም።

የመቀመጫው ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ካነሰ አረጋውያን ለመነሳት ይቸገራሉ። አንዱ መቀመጫ መደገፊያ ይኑረው። ለኮንክሪት እግር አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ቀላቅሉ። ለሰባት ቀን ውሃ እያጠጣችሁ በእርጥብ ከረጢት ሸፍኑት፤ ቶሎ የደረቀ ኮንክሪት ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ የሚያርፈው እንጨት ይሁን፤ ብረት ተሰርቆ ይሸጣል፤ ፀሐይ ሲመታውም አያስቀምጥም።

የልጆች መጫወቻ የምትሠሩ ከሆነ ከሥሩ ሲሚንቶ ወይም ጠጠር አይሁን። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ አድርጉ። ልጅ መውደቁ አይቀርም።

8. ዛፍ መትከል

ጉድጓዱ ግንቦት ላይ ይቆፈር፤ 50 በ50 በ50 ሳንቲ ሜትር። የላዩን አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል ክመሩ። ቀድሞ የተቆፈረ ጉድጓድ አየርና ፀሐይ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ዝናብም ውስጡን ያርሰዋል።

ለጥላ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ዝግባና ብሳና ጥሩ ናቸው። ዋንዛና ብሳና ቶሎ ያድጋሉ። ወይራና ዝግባ ቀስ ይላሉ፤ ነገር ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋሉ። ለአበባ ጃካራንዳ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ሁሉንም አንድ ዓይነት አታድርጉ፤ አንድ በሽታ ወይም ተባይ ሁሉንም እንዳይወስድ።

ባሕር ዛፍ አትትከሉ። ውሃውን ይሻማል፤ ከፍ ሲልም ለትንሽ ቦታ አደገኛ ነው። ዋርካ፣ ሾላና የጎማ ዛፍም ለ300 ካሬ ሜትር አይሆኑም፤ ሥራቸው ቧንቧና ግድግዳ ይሰብራል።

መትከያው ጊዜ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ከጸና በኋላ። እስከ መስከረም ድረስ ሥሩ ይይዛል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተተከለ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ያልቅበታል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። የላዩን አፈር ከሁለት አካፋ የበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሉ፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ፕላስቲኩን ቅደዱና ሙሉ በሙሉ አውጡት። ከነፕላስቲኩ የሚተከለው ችግኝ ቁጥር ያሳዝናል፤ ሥሩ ውስጥ ውስጡን ዞሮ ይታነቃል። ታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ በስለት ቁረጡት። ችግኙ ችግኝ ጣቢያ በነበረበት የአፈር ልክ ይቀመጥ፤ ግንዱን አትቅበሩ። አፈሩን በእጅ ጫን ጫን አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ውሃ አጠጡ። ዋልካ ላይ ከሆነ ደግሞ ችግኙ ከዙሪያው በ20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ይቀመጥ።

በመጨረሻ ሦስት አጠና ተክላችሁ በሽቦ እጠሩት። ፍየል፣ በግና ኳስ አይምሩትም። ዙሪያውን ገለባ አልብሱ፤ ግንዱን ግን አያስነካ፣ ያበሰብሳል።

9. ሣር

ሰርዶ ይሻላል። እግር ይችላል፤ በበጋ ቢደርቅም ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይነሳል። በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቁራጩን ሐምሌ ላይ ትከሉ። ለሁለት ወር ማንም አይርገጠው፤ ሲባጎ ዘርጉ። ልጆች በዚህ ጊዜ የት እንደሚጫወቱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ቦታ ካልተሰጣቸው ሲባጎውን መዝለላቸው አይቀርም።

10. ውሃና ጥበቃ

ከጥቅምት እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ነው ችግኙን የሚገድለው ወይም የሚያሳድገው። የመጀመሪያው በጋ ላይ ለአንድ ዛፍ በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር ይበቃል። ለአሥር ዛፍ 200 ሊትር ማለት ነው። በአንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ማምሻውን ይጠጣ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ሥሩን ላይ ላይ ያስቀረዋል።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ከመትከላችሁ በፊት ወስኑ። ከአንድ ጎረቤት ቆጣሪ ከሆነ ክፍያው ከዕድሩ ይውጣ፤ በጎነቱን አታድክሙበት። ከጎረቤት ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ ወደ ሮቶ መቀበልም ይቻላል፤ ሮቶው ይከደን፣ ልጅ እንዳይገባበትና ትንኝ እንዳይራባበት። የልብስ እጣቢ ለዛፍ ይሆናል፤ በረኪና ያለበት ግን አይሆንም።

ተራውን በስም ጻፉት። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ዛፍ ስጡ፤ ስሙ በትንሽ ሰሌዳ ዛፉ ዘንድ ይቀመጥ። «ሁላችንም እናጠጣለን» የተባለ ችግኝ ጥር ላይ ደርቆ ይገኛል።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ብዙ ችግኝ ማጨናነቅ። የዛሬው ትንሽ ችግኝ ነገ ጥላው 6 ሜትር ይሆናል።
- ኳስ ሜዳውን ጨርሶ ማጥፋት። ትንሽም ቢሆን ክፍት ቦታ ካልቀረ ኳሱ አበባው ላይ ይሆናል።
- ገንዘቡን ሁሉ በአጥርና በበር ላይ ማፍሰስ። የሚቆለፍ ፓርክ ቁልፉ አንድ ቤት ይቀራል፤ ሰውም መምጣት ይተዋል።
- የቆሻሻ መጣያ አስቀምጦ ማን እንደሚያነሳው አለመወሰን። መነሻ ቀን ከሌለው ባታስቀምጡት ይሻላል።

11. ሁለተኛው ክረምት

ሰኔ ላይ ኮሚቴው ዞሮ ይቁጠር። የሞቱት የት ነው የሞቱት? ሁሉም በአንድ ጥግ ከሆነ የውሃ መተኛት አለ፤ ቦዩን ጥረጉ እንጂ ሌላ ችግኝ እዚያው አትድገሙ። ተበታትነው ከሆነ ሐምሌ ላይ ተኩ። ሽቦው ግንዱን እየቆረጠው እንደሆነ እዩና አላሉት። በመንገዱ ላይ ለሰመጠው ገረጋንቲ ጨምሩ። የፈቃዱ ደብዳቤ የሚያልቅበትን ቀንም እዩ፤ ከማለቁ ከሦስት ወር በፊት ማሳደሻውን የዛፎቹን ፎቶ አያይዛችሁ ለወረዳው አስገቡ።